የከተማ ውሃና ፍሳሽ በማን እጅ ይሁን? ከመወሰናችሁ በፊት የሚነበብ ንጽጽር

ቧንቧው ሲደርቅ ሰው የሚጮኸው ከተማውን በሚያስተዳድረው አካል ላይ ነው። ማንሆል ሞልቶ ፍሳሹ መንገድ ላይ ሲወጣም እንደዚያው። ንብረቱ የማን ነው፣ ኮንትራቱን ማን ፈረመ ብሎ የሚጠይቅ ነዋሪ ጥቂት ነው። ስለዚህ አንድ ምክር ቤት "ውሃና ፍሳሹን ማን ይምራው?" ብሎ ሲቀመጥ የያዘው ጉዳይ ከባድ ነው። መሬት ውስጥ የተቀበረ ቧንቧ ከ50 ዓመት በላይ ያገለግላል። የምክር ቤት ዘመን ግን አብዛኛውን ጊዜ አራት ወይም አምስት ዓመት ነው። ብዙው ጣጣ የሚመጣው ከዚህ የዕድሜ ልዩነት ነው።

ይህን የጻፍኩት ድምፅ ለሚሰጡ የምክር ቤት አባላት፣ ሰነዱን ለሚያዘጋጁ ባለሙያዎች፣ እንዲሁም ለሕዝብ ውይይት ተጠርተው "ምን ልበል?" ለሚሉ ነዋሪዎች ነው። ከታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ሥልጣኑን ከፋፍላችሁ እዩት

ክርክሩ ብዙ ጊዜ "መንግሥት ይያዘው ወይስ የግል ድርጅት?" ከሚል ይጀምራል። ይህ ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ግን መጀመሪያ መምጣት የለበትም። ሥልጣን የምንለው ነገር አንድ አይደለምና። የንብረቱ ባለቤትነት አለ። ታሪፍ የማውጣት ሥልጣን አለ። ገንዘቡን ሰብስቦ የመያዝ፣ ብድር የመፈረም፣ በየቀኑ ፓምፑን የማስኬድ፣ የውሃውን ጥራት የመመርመር ሥልጣን አለ። እነዚህ ስድስቱ በአንድ እጅ ሊገቡ ይችላሉ። ለየብቻም ሊደለደሉ ይችላሉ። አማራጮቹን በእውነት የሚለያያቸው ይህ ድልድል ነው።

ቀጥሎ ሕጉን አንብቡ። በብዙ አገሮች የአካባቢ መንግሥት ያለው ሥልጣን ከላይ የተሰጠው ብቻ ነው። በአሜሪካ ጆን ዲሎን የተባሉት የአዮዋ ዳኛ በ1868 ያስቀመጡት መርህ ይህንኑ ይላል፤ ከተማ ክልሉ በግልጽ ያልሰጣትን ሥልጣን የላትም። አንዳንድ ክልሎች በኋላ ለከተሞቻቸው ሰፋ ያለ ነጻነት ሰጥተዋል፤ ሌሎቹ አልሰጡም። ደቡብ አፍሪካ ደግሞ በ1996 ሕገ መንግሥቷ ራሱ የመጠጥ ውሃንና የቤት ፍሳሽን ለማዘጋጃ ቤቶች ሰጥታለች። የእናንተ ሕግ የትኛውን ይመስላል? ከተማው የራሱን ኩባንያ ማቋቋም ይችላል? ከወሰኑ ውጭ ቧንቧ መዘርጋት ይችላል? ያልተከፈለ ሂሳብ በቤቱ ላይ እንደ ዕዳ ማስመዝገብ ይችላል?

በተለይ አንዱን ሥልጣን አትለፉት፤ ነዋሪው ቤቱን ከፍሳሽ መስመሩ ጋር እንዲያገናኝ የማስገደድ ሥልጣን። የፍሳሽ መስመር ሲዘረጋ ዋናው ወጪ ቁፋሮው ነው፤ መቶ ቤት ቢቀጠል ሁለት መቶ ቢቀጠል ወጪው ብዙም አይለዋወጥም። ግማሹ ሰው በቤቱ ጉድጓድ ከቆየ የቀረው ግማሽ የሁሉንም ዕዳ ይሸከማል። ማጣሪያ ጣቢያውም በቂ ፍሳሽ ካልደረሰው በአግባቡ አይሠራም። ማስገደድ የማይችል አካል ብዙ ገንዘብ መሬት ውስጥ ቀብሮ ደንበኛ ሲጠብቅ ይኖራል። ማስገደድ የሚችለውም ቢሆን የመቀጠያውን ክፍያ ድሀው በየወሩ እየከፈለ እንዲጨርስ ማድረግ አለበት። አለዚያ ደንቡ ወረቀት ላይ ይቀራል።

ማዘጋጃ ቤቱ ራሱ ሲሠራው

በጣም የተለመደው ይህ ነው። ውሃና ፍሳሽ እንደ መንገድና እንደ ቆሻሻ ማንሳት አንድ የሥራ ክፍል ይሆናል። ታሪኩም ረጅም ነው። የበርሚንግሃም ከንቲባ ጆሴፍ ቻምበርሌን በ1870ዎቹ የከተማዋን ጋዝና ውሃ ከግል ኩባንያዎች ገዙ። ጋዙ ለከተማዋ ትርፍ ያምጣ አሉ። ውሃው ግን ለጤና ነው፣ ትርፍ ከተገኘም ዋጋ ለመቀነስ ይዋል ብለው ተከራከሩ።

የዚህ አማራጭ ትልቁ ጥቅም ቅርበቱ ነው። መንገድ የሚሠራው፣ የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠውና ቧንቧ የሚቀብረው በአንድ ጣሪያ ሥር ነው። ቢያንስ በሐሳብ ደረጃ አዲስ አስፋልት ፈሶ በሳምንቱ ለቧንቧ መቆፈር አይኖርም። ነዋሪውም አቤት የሚልበትን በር ያውቃል።

ድክመቱ ካዝናው ላይ ነው። የውሃ ገንዘብ ወደ ጋራ ካዝና ይገባና ለደመወዝ፣ ለነዳጅ፣ ለበዓል ዝግጅት ይውላል። ቧንቧ ሲያረጅ ድምፅ ስለማያሰማ ጥገናው ለከርሞ ይተላለፋል። ታሪፍ መጨመርም ምርጫ ሲደርስ የማይታሰብ ነው። መጨረሻውን ማየት ለሚፈልግ የደቡብ አፍሪካዋ ኤምፉሌኒ አለች። የፍሳሽ ፓምፖቿ ቆመው ጥሬ ፍሳሽ ወደ ቫል ወንዝ ሲወርድ ዓመታት አለፉ። የአገሪቱ የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በ2021 ባወጣው ሪፖርት የሰዎች መብት እንደተጣሰ አስታወቀ። ሕገ መንግሥቱ ሥልጣን ሰጥቷል፤ ሥልጣኑ ግን ፓምፕ አይጠግንም።

የተበላሸ ብድር ደግሞ ሌላው አደጋ ነው። በአሜሪካ አላባማ የሚገኘው የጀፈርሰን ካውንቲ (ካውንቲ ከክልል በታች ያለ የአካባቢ አስተዳደር ነው) አስተዳደር ፍሳሹ ወንዝ እየበከለ ስለነበር በ1996 በፍርድ ቤት ስምምነት መስመሩን ሊያድስ ግዴታ ገባ። ለእድሳቱ ብድር ወሰደ፤ ከዚያም ብድሩን በተወሳሰቡ የወለድ ውሎች አሰረው። ባለሥልጣናት በሙስና ተፈረደባቸው። የፍሳሹ ዕዳ ብቻ ከ3 ቢሊዮን ዶላር አለፈ፤ በ2011 አስተዳደሩ መክሰሩን አወጀ። የፍሳሽ ሥራ አስተዳደሩን በሙሉ ይዞ ሊወድቅ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማሳያ አላውቅም።

የራሱ ቦርድና የራሱ ሂሳብ ያለው የሕዝብ ድርጅት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ለብዙ መካከለኛና ትልቅ ከተሞች እኔ የምመርጠው ይህንን ነው። ንብረቱ የሕዝብ ሆኖ ይቀራል። ድርጅቱ ግን የራሱ ቦርድ፣ የራሱ ባንክ ሂሳብ፣ የራሱ ቅጥር አለው። ከንቲባው ደውሎ "ለእገሌ ሥራ ስጠው" ወይም "ከእገሌ ሂሳብ አትጠይቅ" ማለት ያስቸግረዋል።

ፕኖም ፔንን ውሰዱ። በ1993 የካምቦዲያ ዋና ከተማ ውሃ ድርጅት የሚያመርተው ውሃ 72 በመቶው ሂሳብ የማይሰበሰብበት ነበር፤ ይፈስሳል፣ ይሰረቃል። ውሃ የሚመጣው በቀን ለ10 ሰዓት ያህል ነው። ኤክ ሶን ቻን የተባሉ መሐንዲስ ኃላፊ ሆኑ። ደንበኛ ሁሉ ቆጣሪ እንዲገባለት አደረጉ። በሕገ ወጥ መንገድ የተቀጠለ መስመር ሲገኝ ያስቀጠለውን ሰው አስቀጡ፤ እጃቸው ያለበት የራሳቸው ሠራተኞችም ተባረሩ። በደንብ ለሠራ ጉርሻ ከፈሉ። በ1996 መንግሥት ድርጅቱን በራሱ እንዲቆም ሲፈቅድለት ታሪፉን ወጪውን ወደሚሸፍን ደረጃ ማምጣት ቻለ። በ2000ዎቹ መጨረሻ ብክነቱ ወደ 6 በመቶ ገደማ ወረደ፤ ውሃውም 24 ሰዓት ሆነ። ድሀ ቤተሰቦች መቀጠያውን በቅናሽና በየወሩ ክፍያ አገኙ። ይህ ሁሉ የሆነው ገና ከጦርነት በወጣች አገር ነው፤ በግል ኩባንያም አይደለም።

ግን የፕኖም ፔን ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ ግማሹ ይቀራል። ያ ድርጅት የውሃ ብቻ ነው። ፍሳሹ የሌላ የከተማ መሥሪያ ቤት ነበር። ውሃው ሲትረፈረፍ ፍሳሹም አብሮ በዛ። አብዛኛው ሳይጣራ ወደ ከተማዋ ዳር ረግረጎች ይወርድ ነበር። አንዱን እጅ አጠንክሮ ሌላውን መተው ማለት ይህ ነው። ወደዚህ ነጥብ እመለሳለሁ።

ፓሪስ ሌላ መንገድ ነው የመጣችው። ከ1985 ጀምሮ የወንዙ ግራና ቀኝ ለሁለት ትልልቅ የግል ኩባንያዎች ተከፍሎ ነበር። ኮንትራቱ ሲያበቃ ከተማዋ አላደሰችም። በጥር 2010 ኦ ደ ፓሪ የተባለ የሕዝብ ድርጅት ሥራውን ተረከበ። በ2011 የውሃው ዋጋ 8 በመቶ ቀነሰ። ቀደም ሲል በትርፍና በተለያዩ ውሎች የሚወጣው ገንዘብ እዚያው ስለቀረ ነው።

የዚህ አማራጭ ስጋት ቦርዱ ነው። አባላቱ በሙሉ የከንቲባው ሰዎች ከሆኑ ነጻነቱ የስም ነው። ጭራሽ ማንም የማይጠይቀው ከሆነም ሕዝቡ የት ሄዶ አቤት ይላል? የአባላቱ ዘመን ከምርጫ ዘመን ጋር እንዳይገጥም፣ የተጠቃሚ ተወካይ በድምፅ እንዲቀመጥ፣ ስብሰባው ክፍት እንዲሆን በማቋቋሚያ ደንቡ ውስጥ ጻፉት። በቃል አይተው።

ከጎረቤት ጋር አንድ መሆን

አነስተኛ ከተማ ለብቻዋ ጥሩ ኬሚስት፣ ጥሩ ኤሌክትሪሻን፣ ጥሩ የሂሳብ ሰው መቅጠር ያቅታታል። በአሜሪካ ካሉት ወደ 50,000 የሚጠጉ የማኅበረሰብ ውሃ ሥርዓቶች ከአሥር ዘጠኙ ከ10,000 ሰው በታች ያገለግላሉ። ብዙዎቹ የሚታገሉት ከዚሁ ችግር ጋር ነው። ኔዘርላንድስ ከ200 በላይ የነበሩትን የመጠጥ ውሃ ድርጅቶቿን እያዋሃደች ወደ 10 አወረደቻቸው። አክሲዮኑ የማዘጋጃ ቤቶችና የክፍላተ ሀገር ነው። በ2004 ደግሞ የመጠጥ ውሃ አቅርቦት ለግል እንዳይተላለፍ በሕግ ዘጋችው።

መዋሃድ ሲነሳ የሁሉም ሰው ፍርሃት አንድ ነው፤ "ትልቁ ይውጠናል።" ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም። መፍትሔው ያለው ድምፅ አሰጣጡ ላይ ነው። የአሜሪካዋ ዲትሮይት በ2013 ከከሰረች በኋላ የተመሠረተው የታላላቅ ሐይቆች የውሃ ባለሥልጣን ጥሩ ትምህርት ይሰጣል። ከጥር 2016 ጀምሮ የከተማዋን ትልልቅ መስመሮችና ጣቢያዎች ለ40 ዓመት ተከራይቷል፤ በዓመት 50 ሚሊዮን ዶላር ይከፍላል። ንብረቱ የዲትሮይት ነው። ቦርዱ ስድስት ሰው ነው፤ ሁለቱ ከዲትሮይት፣ ሦስቱ ከሦስቱ ካውንቲዎች፣ አንዱ ከክልሉ። ታሪፍ ለማጽደቅ አምስት ድምፅ ያስፈልጋል። ዲትሮይትም ብቻዋን አትወስንም፤ አካባቢዎቹም ዲትሮይትን ትተው አይወስኑም። ጎረቤታችሁን የምታምኑት በመልካም ጠባዩ ብቻ ከሆነ ገና ስምምነት የላችሁም። ቁጥሩን ጻፉት።

የግል ድርጅት ማስገባት

"ፕራይቬታይዜሽን" ተብሎ በአንድ ስም የሚጠራው ነገር ውስጡ አራት ዓይነት ነው። የአስተዳደር ኮንትራት ሲሆን ድርጅቱ ሥራውን ይመራል፣ ክፍያ ይቀበላል፣ አደጋው የከተማው ነው። የኪራይ ውል ሲሆን ያሠራል፣ ሂሳብ ይሰበስባል፤ አዲስ ግንባታ ግን የሕዝቡ ድርሻ ነው። ኮንሴሽን ሲሆን ግንባታውንም ይሸከማል፣ ብዙውን ጊዜ ለ25 ዓመትና ከዚያ በላይ። አራተኛው ሙሉ ሽያጭ ነው።

ሴኔጋል በ1996 የኪራዩን መንገድ መረጠች። ንብረቱን የሚይዝ የመንግሥት ድርጅት አለ፣ የሚያሠራ የግል ድርጅት አለ፣ ለፍሳሹ ደግሞ ሌላ የመንግሥት መሥሪያ ቤት። የከተማ ውሃዋ በአፍሪካ ከተሻሉት ሲቆጠር ቆይቷል። አሠሪና ባለንብረት ተለያይተው እርስ በርስ መጠያየቃቸው የረዳ ይመስለኛል።

የተበላሹትን ሳነብ ግን ሁሌ የማገኘው የውሉ ድክመት ነው። የአሜሪካዋ አትላንታ በ1999 የ20 ዓመት ኮንትራት ጀመረች። ቧንቧዎቿ በምን ሁኔታ ላይ እንዳሉ ማንም በትክክል አያውቅም ነበር። ኩባንያው "ያልጠበቅሁት ጥገና በዛብኝ" አለ፣ ከተማዋ "አልሠራህም" አለች፣ በ2003 ተለያዩ። በፊሊፒንስ ዋና ከተማ በማኒላ ምዕራቡን ክፍል በ1997 የወሰደው ድርጅት የቀድሞውን የውጭ ዕዳ 90 በመቶ ተሸክሞ ገባ። በዚያው ዓመት የእስያ የገንዘብ ቀውስ ፔሶውን ጣለው፤ ዕዳው በዶላር ነበርና ድርጅቱ ከሰረ። በቦሊቪያዋ ኮቻባምባ የ40 ዓመት ኮንሴሽን ቢያንስ 15 በመቶ ትርፍ ዋስትና ሰጠ። ታሪፉ ሲንር ሕዝቡ በ2000 አደባባይ ወጣ፤ ውሉ ተሰረዘ። በርሊንም በ1999 49.9 በመቶውን ስትሸጥ የትርፍ ዋስትና ሰጥታ፣ ውሉንም ምስጢር አድርጋው ነበር። ነዋሪዎች በ2011 በሕዝበ ውሳኔ አስገለጡት። እስከ 2013 ከተማዋ አክሲዮኑን መልሳ ገዛች፤ በገንዘብ ነው እንግዲህ።

ለትርፍ በውል ዋስትና ከተሰጠ አደጋውን የወሰደው ሕዝቡ ነው። ምስጢር የሆነ የውሃ ውል ደግሞ መፈረም የለበትም። በዚህ ላይ አልደራደርም።

እንግሊዝ በ1989 ሁሉንም ሸጠች። ኩባንያዎቹ ያለ ዕዳ ጀምረው በ2023 ዕዳቸው ከ60 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ደረሰ። በዚያው ዓመት በእንግሊዝ የፍሳሽ ማስተንፈሻዎች (መስመሩ ሲሞላ ትርፉን ወደ ውጭ የሚለቁ መውጫዎች) ለ3.6 ሚሊዮን ሰዓት ያህል ያልተጣራ ፍሳሽ ለቀቁ። ሁሉንም በባለቤትነቱ ላይ መጣል አይገባም፤ የዝናብ ውሃና ፍሳሽ አንድ ላይ የሚሄዱባቸው አሮጌ መስመሮች የቪክቶሪያ ዘመን (የ19ኛው ክፍለ ዘመን) ውርስ ናቸው። ግን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ነበረ፣ ሕግም ነበረ። ያሳዘነኝ እሱ ነው።

ለትንንሽ ሰፈራዎች

ጥቂት መቶ ቤት ላለበት ቦታ የውሃ ኮሚቴ ጥሩ ጅምር ነው። ፓምፑ ሲቃጠል ግን ኮሚቴው ብቻውን ይቀራል። የብራዚሏ ሴያራ ክልል ከ1996 ጀምሮ ያደረገችው ብልህ ነው። የመንደር ማኅበራቱ በአንድ ፌዴሬሽን ተጠቃለሉ። መንደሩ በየቀኑ ያሠራል፤ ፌዴሬሽኑ ሂሳብ ያዘጋጃል፣ ውሃ ይመረምራል፣ ከባድ ጥገናውን ይሠራል። ኮሚቴ ካላችሁ ከጀርባው የሚቆም አካል ፈልጉለት።

የትኛውንም ብትመርጡ፤ መርማሪው ሌላ ይሁን

ካናዳ ውስጥ ዎከርተን የምትባል 5,000 ሰው ገደማ የሚኖርባት ከተማ አለች። ውሃዋን የሚያስተዳድረው የራሷ የሕዝብ ድርጅት ነበር። በግንቦት 2000 ከባድ ዝናብ ከእርሻ ላይ ፍግ አጥቦ ወደ አንዱ የውሃ ጉድጓድ አስገባ። ሠራተኞቹ ለዓመታት የክሎሪን መጠን ሳይለኩ መዝገብ ላይ ቁጥር ይጽፉ ነበር። ላቦራቶሪው ብክለቱን ሲያገኝ ለጤና ቢሮ የማሳወቅ ግዴታ አልነበረበትም፤ የነገረው ለድርጅቱ ብቻ ነው። ድርጅቱ ደበቀው። ሰባት ሰው ሞተ፤ ከ2,300 በላይ ታመመ።

በአሜሪካ ሚሺጋን ክልል በምትገኘው በፍሊንት ከተማ ደግሞ ውሳኔው ከነዋሪው እጅ ወጥቶ ነበር። ክልሉ የሾመው አስተዳዳሪ ከተማዋን ሲመራ፣ ወጪ ለመቀነስ ሲባል በሚያዝያ 2014 ከዲትሮይት መግዛት ቀርቶ የወንዝ ውሃ ተጀመረ። ቧንቧ እንዳይበላ የሚጨመረው ኬሚካል ሳይጨመር ቀረ። እርሳስ ከቧንቧው እየተፈቀፈቀ ሕፃናት ወደሚጠጡት ውሃ ገባ። እናቶች ቡናማውን ውሃ በጠርሙስ ይዘው ስብሰባ እየመጡ ሲጮሁ "ደህና ነው" ይባሉ ነበር። ወደ ቀድሞው ውሃ የተመለሱት በጥቅምት 2015 ነው።

ሁለቱም ቦታ የግል ኩባንያ ትርፍ አይደለም ሰውን የጎዳው። ሁለቱም ቦታ ውጤቱን ለሕዝቡ በቀጥታ የሚናገር ነጻ መርማሪ አልሠራም። ስለዚህ ደንባችሁ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ይግባ፤ ላቦራቶሪው ችግር ባገኘ በዚያው ቀን ለጤና ቢሮ ያሳውቃል፣ ውጤቱም ለነዋሪው ይለጠፋል።

ፍሳሹን አትርሱት

ሰው ለውሃ ይሰለፋል። ለፍሳሽ የሚሰለፍ የለም። ፍሳሹ ከቤቱ ከወጣ በኋላ የታችኛው ሰፈር፣ የወንዙ ዳር ሰው ችግር ነው። ስለዚህ ለብቻው የተተወ የፍሳሽ መሥሪያ ቤት ገቢ የለውም። ሂሳብ ልኮ ባይከፈለው ምን ያቋርጣል?

ከባዱ ጥያቄ ሁለቱን አንድ ድርጅት ይያዛቸው ወይ የሚለው ነው። እኔ አዎ እላለሁ። የፍሳሽ ክፍያ በውሃ ሂሳቡ ላይ በመቶኛ ሲታሰብ በአንድ ደረሰኝ ይሰበሰባል። መለያየት ግድ ከሆነ ደግሞ እንደ ኔዘርላንድስ ይሁን፤ የመጠጥ ውሃው የኩባንያዎቹ፣ የመንገድ ሥር መስመሩ የማዘጋጃ ቤቱ፣ ማጣራቱ ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ የነበሩት የውሃ ቦርዶች (የውሃ ጉዳይን ብቻ የሚመሩ የአካባቢ የሕዝብ ተቋማት) ነው። እያንዳንዱ ግን የራሱ ክፍያ የመሰብሰብ ሥልጣን አለው። ያለ ገንዘብ የተሰጠ ኃላፊነት አይደለም።

መስመር በማይደርስበት ሰፈርም ሥራ አለ። ጉድጓድ የሚመጥ መኪና ፈቃድ ማን ይሰጠዋል? የት ይደፋል? ማስረከቢያ ቦታ ከሌለ ሌሊት ወንዝ ውስጥ ይደፋል። ይህንንም በዚያው ድርጅት ሥልጣን ውስጥ አስገቡት።

እኔ ብሆን

ነዋሪዋ የበዛ ከተማ ከሆነች ውሃና ፍሳሽን በአንድ የሕዝብ ድርጅት አደርጋለሁ፤ ሂሳቡ የተለየ፣ ቦርዱ ክፍት፣ ታሪፉ በየዓመቱ ከወጪው ጋር የሚታይ። ትንሽ ከተማ ከሆነች ከጎረቤቶቿ ጋር እንድትዋሃድ እመክራለሁ፤ ቢያንስ ላቦራቶሪና ከባድ ጥገናን በጋራ። ማዘጋጃ ቤቱ ሥራውን በደንብ እየሠራ ከሆነ አታፍርሱት፤ ገንዘቡን ብቻ ለዩለት። የግል ድርጅትን ለተወሰነ ሥራ እጠቀምበታለሁ፤ ለፍሳሽ ማጣሪያ ግንባታ፣ ለውሃ ብክነት ፍለጋ፣ ለቆጣሪ ንባብ። ውሉ አጭር፣ ክፍያው በተለካ ውጤት።

የትኛውም ውል ከመፈረሙ በፊት ግን የመጨረሻውን ገጽ አንብቡ፤ ሲያበቃ ምን እንደሚሆን የሚናገረውን። የቧንቧው ካርታ የማን ነው? የደንበኞች ዝርዝርና የቆጣሪ መረጃው፣ ሂሳብ የሚያወጣው ሶፍትዌር፣ የፓምፖቹ የጥገና መዝገብ የማን ነው? እነዚህ ከመጀመሪያው ቀን የከተማው ንብረት እንደሆኑ፣ ቅጂያቸውም በየዓመቱ እንደሚገባ በጽሑፍ ይስፈር። ካርታው በሌላ ሰው ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ከተማ ውሉ ቢያበቃም የትኛው መንገድ ሥር ምን እንዳለ ለማወቅ መልሶ መክፈል ይኖርበታል።